አጥር ውስጥ የቆመችው አባዱላ

ዋርሳዬ ጀላል፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ብልጥ ሰው ነው። ዳባት ላይ ገብስና ባቄላ እየሰበሰበ ጎንደር የሚያራግፍ ነጋዴ ብልጥ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ብልጥ ሰው ሲሳሳት ግን የሚሳሳተው በገዛ እጁ ነው። ባሌ ያሕያ በሞተ በሳምንቱ፣ ለቅሶ ደራሹ ገና ሳይበተን፣ ከሟች ኮት ኪስ ቁልፉን አውጥቶ አባዱላችንን፣ ያሕያ ሰው የሚጭንባትን ሚኒባስ፣ ከደባርቅ መናኸሪያ አነሣና ግቢያችን ውስጥ አምጥቶ አቆማት። ሾፌር ቀጥሬ ሰው እንዳልጭንባት ፈርቶ ነው። እኔም በመስኮት አየሁት። ያን ጊዜ አጥሩን አልፋ በመግባቷ ማን እንደተጠቀመ እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ፣ የሐዘን ጊዜ፣ ትቀመጣለች። ኢዳዋ እስኪሞላ ከባሏ ግቢ ውጭ አታድርም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም፣ ጌጥ አታደርግም። ኪታቡ ለጉዳይ በቀን መውጣትን ይፈቅዳል ይላሉ የሚያውቁ፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን ከኪታቡ ይብሳል። ገበያ ታየች ከተባለች ስሟ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ቃዲ ፊት ቆሜ ልከራከር የማልችለውም ለዚህ ነበር፤ ጀላልም የቸኮለው ለዚሁ ነበር። ኢዳዬ ሳያልቅ መኪናዋን ሸጦ ሊገላገል።

ድርሻ የለህም አላልኩትም። እኔና ያሕያ ልጅ አልወለድንም፤ እናቱም ወንድሙም ድርሻ እንዳላቸው አውቃለሁ። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ቃዲው ፊት በእግሬ እስክቆም ድረስ መኪናዋ አትነካ። በያሕያ ጉልበት ብቻ አልተገዛችም። የሰርጌ ወርቅ ውስጧ አለ፤ ስንት ገበያ በርበሬ ስሸጥ ያስነጠስኩት ሁሉ ውስጧ አለ። እሷ ከሄደች የሚቀረኝ ትውልዴ ጃናሞራ ተመልሼ የወንድሜን ሚስት እጅ ማየት ነው። ሴት ልጅ የወንድሟን ሚስት እጅ ከምታይ ድንጋይ ብትልስ ይሻላታል።

ጀላል ግን ከደጃፉ ቆሞ ገዥ አግኝቻለሁ፣ የዳባት ሰው ነው፣ ለሚመጣው ገበያ ይመጣል ብሎኝ ሄደ። ልጠይቅሽ አላለም፤ ነገረኝ እንጂ። አማቴ ሱልጣና ይህን ሲል ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ እሳቸው በወዲያኛው ክፍል እኔ በወዲህኛው። መቁጠሪያቸውን እየገፉ መሬት መሬቱን አዩ። አንዱን ልጃቸውን ቀብረው ሳይጨርሱ ሌላውን መቆጣት አልሆነላቸውም። ያን ጊዜ አዝኜባቸዋለሁ፤ አልዋሽም።

ገበያ ላይ ከበርበሬዬ ጎን ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ስጦታ ጎረቤቴ ናት። ማዕተብ ያሰረች ክርስቲያን ብትሆንም ለቅሶዬ ላይ ከእህቶቼ ቀድማ የደረሰች ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ጎማዋን አስተንፍሻት አለች። እሱ ካልሆነ ባትሪዋን ንቀይ፣ እኔ ቤት እደብቀዋለሁ አለች። እምቢ አልኩ። በገዛ መኪናዬ ላይ እንደ ሌባ አልሸምቅም። የማደርገውን ጀላልም አገሩም እያየ ነው የማደርገው።

«እገባባታለሁ» አልኳት። «ፍራሼን አንጥፌ እተኛባታለሁ። ኢዳ ላይ ያለችን ሴት ተመኝታዋ ማን ነው የሚያስነሣት?»

ስጦታ ሐዘኑ አናቴ ላይ የወጣ መስሏት ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ገባት መሰል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«እንግዲያው እንደ ሰው ነው መተኛት» አለች። «ተጣጥፎ ውሻም ያድራል።»

መኪና ውስጥ መተኛት ዘዴ አለው። ዘዴውን ያመጣልኝ ያሕያ ነው። ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ማደያ በር ላይ ተሰልፎ እያደረ፣ ሲመለስ እንዴት እንደተኛ ያወራልኝ ነበር። ሌላ ሰው ስለ መንገዱ ያወራል፤ የእኔ ባል ስለ ፍራሹ። ተቀምጦ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ አንገቱ አብሮት አይነሣም ይል ነበር። እስቅበት ነበር። ሳቄ ለዚህ ይጠቅመኛል ብዬ መች አሰብኩ።

መጀመሪያ የመሐሉንና የኋላውን ወንበሮች መንቀል ነበረብን። ብሎኖቹ ዝገው ከወለሉ ጋር ተጋብተዋል። ናፍጣ አጠጥተን አሳደርናቸውና በማግሥቱ ስጦታ መፍቻውን ይዛ፣ እኔ ከላይ እየረገጥኩ፣ አንድ በአንድ አላቀቅናቸው። አንዱ አልፈታ ብሎ የስጦታን መዳፍ ገሸለጠው። እሷም ብሎኑን ትታ ጀላልን ሰደበችው፣ ያጠበቀው እሱ ይመስል። ወንበሮቹን አውጥተን ከጓሮ በጣሪያው ጥላ ሥር ደረደርናቸው። አማቴ ከክፍላቸው ብቅ ብለው ወንበሮቹን አዩ፣ እኛን አዩና ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ግቢያችን ወደ በሩ ቁልቁል ነው፤ አባዱላዋም አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ነው የቆመችው። ውሃ የሞላ ሣህን ወለሉ ላይ አስቀምጠን አየን፤ ውሃው ወደ ሞተሩ አጋደለ። እንግዲያው ራስ ወደ ኋላ፣ እግር ወደ ሞተር። ቁልቁል የተኛ ሰው ጠዋት ፊቱ እንደ ሊጥ ነው የሚያብጠው። እንዲያም ሆኖ ሰውነት ማታ ማታ ወደ እግር እየተንሸራተተ ማስቸገሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ከግርጌ በኩል ስንጥቅ ግንድ አጋደምንና እግር የሚረግጠው ነገር አበጀን።

ብርድ ከላይ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ደባርቅን አያውቃትም። ከታች ነው የሚመጣው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ያነጣዋል፣ የመኪናው ብረት ደግሞ ብርዱን ጠጥቶ ጠጥቶ ቀስ ብሎ ወገብ ላይ ይተፋዋል። እኛም ከሱቅ የለመንነውን ካርቶን ደራርበን ወለሉን አለበስነው። በካርቶኑ ላይ ገለባ። ገብሱ ተወቅቶ ገለባው ገና ሽታው ያልለቀቀበት ጊዜ ነበርና ስጦታ ቡይት ራስ ካሉ ዘመዶቿ በማዳበሪያ ከረጢት አስጭና አመጣች። ለስላሳ እንዲሆን ብላ ላላ አድርጋ ልትሞላው ስትል ከለከልኳት። ላላ ያለ ገለባ የመጀመሪያ ቀን ንጉሥ ያደርጋል፣ ከዚያ በኋላ ይሟሽሽና ጎድንን ከብረት ያገናኛል። በክርናችን እየደቆስን ጠቀጠቅነው። ከኋለኞቹ ጎማዎች በላይ ባሉት ሁለት ጉብታዎች መካከል ያለው ጎድጓዳ እስኪስተካከል ድረስ ሞላነው። በገለባው ላይ ሁለት አጎዛ፣ ጠጉሩ ወደ ላይ። በአጎዛው ላይ ፍራሼ። በፍራሹ ላይ ንጹሕ አንሶላ፣ ምክንያቱም እኔ የገባሁት ለመሸሸግ ሳይሆን ለመኖር ነው።

የቀረው መጋረጃ ነበር። ኢዳ ላይ ያለች ሴት በመስታወት ለአላፊ አግዳሚ አትታይም። ስጦታ ትላልቅ ቀይ አበባ ያለበት የራሷን መጋረጃ ይዛ መጣች። ደነገጥኩ። አበባ ጌጥ አይደለም ወይ? ብዙ ተከራከርን። እሷ እኔ ቤት ተሰቅሎ የኖረ ጨርቅ ደግሞ ጌጥ ሊባል ነው እያለች ትስቃለች። በመጨረሻ ጨርቁን ገልብጬ በሽቦ ሰቀልኩት፤ ባዶው ፊት ወደ እኔ፣ አበባው ወደ ውጭ። እኔ በሐዘኔ እቆያለሁ፤ አበባውን ጀላል ይየው።

የመጀመሪያው ሌሊት ደህና አልነበረም። መስኮቶቹን ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ስለነበር ትንፋሼ ጣሪያው ላይ ተሰብስቦ ጠዋት ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ብርድ ልብሱ እንደ ታጠበ ረጠበ። ያሕያ ይህንንም ነግሮኝ ነበር፣ ረስቼው ነው። ነፋሱ የሚመጣው በሊማሊሞ በኩል ነውና በተቃራኒው ጎን ያለውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፍቼ በቀጭን ጨርቅ ጋረድኩት። ከዚያ በኋላማ ወላሂ፣ ቤቴ አልጋ ላይ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ባሌ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ ያረፍኩት እዚያ ነው።

ደባርቅ ደግሞ ወሬ አታሳድርም። የሱልጣና ምራት አበደች ተባለ። የለም፣ የሟች መንፈስ መኪናዋ ውስጥ ጠርቷት ነው ያሉም ነበሩ። ሰው በውሃ መቅዳት ሰበብ ወደ ግቢያችን አንገቱን ያሰግግ ጀመር። የሚያየው ቀይ አበባ ነው። ያየው ሰው ለሌላው ሲነግር እኔም ከውስጥ እሰማለሁ፤ ቆርቆሮ ምስጢር አይይዝም።

በገበያው ቀን ጀላል ገዥውን ይዞ መጣ። ገሠሠ የሚባል የዳባት ሰው ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ እርጋታ ያለው ጎልማሳ። ይህን ያየሁት በኋላ ነው፤ መጀመሪያማ የሰማሁት የሁለት ሰው ኮቴ ነበር። ሰው ወዳለበት የሚገባ ወንድ በደንቡ ይስላል፤ ድምፁን ያሰማል። ጀላል አልሳለም። በሩን ሸርተት አድርጎ ከፈተው። ሻሼን ጠምጥሜ ለመቀመጥ ብቻ ነው የደረስኩት። ገሠሠ ፍራሹን አየ፣ አጎዛውን አየ፣ ከግርጌ የተቀመጠውን የውዱእ መታጠቢያ ጀበናዬን አየ። ወዲያው ፊቱን አዞረና ባርኔጣውን አወለቀ።

እግዜር ያጥናሽ አለኝ፣ ወደ አጥሩ እያየ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ወደ ጀላል ዞረ።

«እኔ መኪና ልገዛ ነው የመጣሁ። ይኸ ሰው ያለበት ቤት ነው» አለው።

ጀላል ነገሩን ሊያቀል ሞከረ። ለጊዜው ነው፣ የሴት እልህ ነው፣ ነገ ትወርዳለች ሲል ሰማሁት። ገሠሠ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

«እንግዲያው ነገም አልመጣም። ሐዘንተኛ አስወርደው የገዙት መኪና ሊማሊሞ ላይ ፍሬን ይበጥሳል።»

ደስ አለኝ። በሐዘን ላይ ሆኖ ደስ ማለት ነውር ነው ይላሉ፤ እኔን ግን ደስ አለኝ።

ጀላል በዚህ አልተመለሰም። የመስጊዳችንን ሼህ ሄዶ አመጣቸው፤ መኪና ቤት አይደለምና ኢዳዋን አፍርሳለች ብለው እንዲፈርዱብኝ። ሼሁ እርጅና የተጫናቸው ሰው ናቸው፤ ከውጭው በር አላለፉም። እዚያው በምርኩዛቸው ተደግፈው መኪናዋ የት ነው የቆመችው ብለው ጠየቁት። ይቺው ግቢው ውስጥ አላቸው። ከአጥሩ ወዲህ ነች ወዲያ? ወዲህ። ማን አመጣት? እኔ አለ ጀላል። ሼሁም፣ እንግዲያው ምን ታለፋኛለህ፣ ሴቲቱ ከባሏ ግቢ አልወጣች አሉና ምርኩዛቸውን አዙረው ሄዱ። ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ፤ መናኸሪያ ትቷት ቢሆን ኖሮ በእጄም አትገባም ነበር።

የተሸነፈ ብልጥ ደግሞ ክፉ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ደባርቅ ገበያ ቆሞ በዋለበት በቀትር ብቻውን መጣ። የውጭውን በር ብርግድ አድርጎ ሁለቱንም ክንፍ ከፈተ፤ ወደ እኔ ሳያይ በሾፌሩ በር ገባና መሪው ኋላ ተቀመጠ። እኔ ጋደም ብዬ ነበር። ጎንደር ወስዶ ለማንም ሊሸጣት እንደሆነ ነገረኝና ውረጂ አለኝ።

እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው፤ የባሌ ታላቅ ነዋ። ያን ቀን ግን አንቱ ከአፌ አልወጣ አለ።

«ንዳ» አልኩት። «የወንድምህ ሚስት ኢዳዋ ሳይሞላ፣ ተነፍራሿ ተጭና በገበያው መሐል ስታልፍ ሰው ይይ። መጋረጃውንም እኔ እገልጥልሃለሁ። ማን ነው ተቤቷ ያወጣት ሲባል እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም። መሪውን የያዘው ሰው ይታያል።»

ፈራ ብል ውሸት ነው። አስነሣት። ከቆመች ስንት ጊዜዋ ነውና መጀመሪያ ተንተፋተፈች፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። ያሕያ ጠዋት ጠዋት ሲያሞቃት የምሰማው ድምፅ ነው። የአንሶላውን ጫፍ ጨብጬ እዚያው ተኛሁ። ወደ በሩ አንድ ሁለት እርምጃ ያህል ተንቀሳቀሰችና ፍሬን ያዘ።

ቀና ብዬ አየሁ። አማቴ ሱልጣና ጋቢያቸውን ተከናንበው በተከፈተው በር መሐል ቆመዋል። ጀላል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እናቴ ዞር በሉልኝ አላቸው። ዞር አላሉም፤ እየተራመዱ ወደ መኪናዋ ጎን መጡና ቆርቆሮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ እንደ ተሳፋሪ።

«ክፈቺልኝ ሰሀር» አሉ። «እኔም ልሳፈር።»

በሩን ከፍቼ እጃቸውን ይዤ ሳብኳቸው። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ነበር፤ ተንበርክከው ነው የወጡት። ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ከፍራሹ ሥር አስገብተው አጎዛውን ዳሰሱ፣ ወረድ ብለው ገለባውን ጫን ጫን አደረጉ። ከለቅሶው ጊዜ ጀምሮ ሦስት ቃል ያልተናገሩኝ ሴት አሁን ፊት ለፊት አዩኝ።

«ልጄ በናፍጣው ሰልፍ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚተኛ?»

«አጎዛው አንድ ነበር እንጂ እንዲህ ነበር፣ እናቴ።»

«ራሱስ ወዴት ነበር?»

«ወደ ዳገት። ሁልጊዜ ወደ ዳገት።»

«እኔኮ ብረት ላይ የሚያድር መስሎኝ» አሉ። «እሱ በተሰለፈ ቁጥር እኔም እዚያ ቤት ምንጣፌን ትቼ መሬት ላይ ነበር የማድር። ልጄ በርዶት እኔ አይሞቀኝም ብዬ።»

ይህን ያሕያም አያውቅም ነበር። እኔም ጎረቤት ክፍል እያደርኩ አላወቅሁም። ያዘንኩባቸው ሁሉ አንጀቴ ላይ ቀልጦ ወረደ።

አማቴ ጋቢያቸውን አጠባበቁና ጋደም አሉ፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ፣ እግራቸውን ግንዱ ላይ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው ዞሮ አያውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘክሩ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ይሰማኝ ነበር። ሞተሩ ከሥር ያጉረመርማል። ፍራሹ ይሞቃል። «ንዳ እንግዲህ ጀላል» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ትንሽ ቆይቶ አፋቸው ተከፈተ፤ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ጀላል መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ማርሽ ሊያስገባ እጁን ሰደደ፤ መኪናዋ ነቅነቅ ስትል እናቱ በእንቅልፍ ልባቸው ተነፈሱና ተገላበጡ። እጁን መለሰ። ላብ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁ።

«ቀስቅሻቸው» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

«የወለዱህ አንተን ነው» አልኩት። «አንተ ቀስቅሳቸው።»

በመስታወቱ ውስጥ እናቱን አያቸው። ብዙ አያቸው። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሱም ወንድሙ ነው የሞተበት፤ በነጋዴ ልብሱ ደብቆት ነው እንጂ። አላዘንኩለትም አልልም። ግን ከመኝታዬ አልተነቃነቅሁም።

ቀና ሲል ዓይኔን አላየም። የሾፌሩን በር ከፍቶ ወረደና እንዳይጮህ በሁለት እጁ ገፍቶ ዘጋው። ቁልፉን ሳይነቅል፣ የውጭውን በር ገርበብ አድርጎ ወደ ገበያው ወጣ።

እኔም በፊት ወንበሮቹ መካከል ተንጠራርቼ ሞተሩን አጠፋሁ። አማቴ አልነቁም። ቁልፉን ነቅዬ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩ። ከዚያ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና ከጎናቸው ተኛሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው ቆሞ፣ ደባርቅ ሁሉ እያየ።